ገበያነሽና የአባቷ ግዝት

ገበያነሽ ዳምጤ ያንን ግዝት በእርግጥ ረስታው ነበር ወይስ እያወቀች ዝም አለች? ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርተን ዓመታት ኖረናል። ሳሏን ከሌላ ሰው ሳል እለየዋለሁ። ስትናደድ ድምጿ እንደሚቀጥን፣ ስትጨነቅ ደግሞ የተጠረገውን ቤት መልሳ እንደምትጠርግ አውቃለሁ። ይህን አንድ ነገር ግን አላውቅም። እሷም ብትጠየቅ የምታውቀው አይመስለኝም።

ገበያነሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ናት። ጉልበቷ ያለቀው ፈትል ክፍል ቆማ ነው። ከማሽን ማሽን እየተመላለሰች የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ውላ፣ ቅንድቧ በጥጥ ብናኝ ነጥቶ ትመለሳለች። ትዳሯ ቶሎ ፈረሰ፤ ልጅም አልወለደችም። በማሽኑ ጩኸት መሀል ስትናገር ስለኖረች ሹክሹክታ አታውቅም። ምስጢር ነው ብላ የምትናገረውን ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። በዚህ የተነሳ ከይሪያ፣ አብራት ፈትል ክፍል የምትሠራው ጎረቤታችን፣ «ካንቺ ጋር ሰው ማማት የማይቻል!» እያለች ትስቅባት ነበር።

አባቷ ጋሽ ዳምጤ የኩታበር ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላም «ከተማ ግቡ» ቢባሉ መሬታቸውን አልለቅም ብለው ቀሩ። በ1999 ዓ.ም. መኸሩ ሳይሰበሰብ ነው እንጀራ አልወርድ ያላቸው። መጀመሪያ በውኃ እያወራረዱ ይበሉ ነበር፤ ቀጥሎ ፍትፍት ብቻ፣ ቀጥሎ ሾርባ ብቻ ሆነ። ወንድ ልጃቸው ወንድምአገኘሁ ደሴ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። እሱ ሰምቶ ሄዶ አመጣቸው። ደሴ ታዩ፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ የምግብ መውረጃቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ለእሳቸው የተነገራቸው ግን «ቁስለት ነው» ተብሎ ነው። ስሙን ደፍሮ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

የደሴ ብርድ አይስማማቸውም ተብሎ ኮምቦልቻ፣ ገበያነሽ ቤት ከረሙ። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የወሰዱት ወንድምአገኘሁ ይዟቸው ነው። ሲመለሱ አፋቸው በውስጥ ቆስሎ፣ ጥፍራቸው ጠቁሮ ነበር። ቢሆንም ቀልዳቸው አልጠፋም።

«ያንን ሁሉ ውኃ እላዬ ላይ ከሚያንጠለጥሉ ባቄላዬ ላይ ቢያፈሱት ዘንድሮ እሸት እንበላ ነበር» አሉ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ግን ቀልዱ ቀረ። መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አልሄድም። ወደ ኩታበር መልሱኝ።»

ወንድምአገኘሁ ጮኸ፤ ቀጥሎ ለመነ፤ ቀጥሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ከይሪያም «ጋሽ ዳምጤ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» አለች። አልሰሙም። መኪናው ባዶውን ሄደ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሾርባውን መጠጣት ተዉ።

ያኔ ነው ገበያነሽ ያሰበችበት። አባቷ በሕይወታቸው የሚፈሩት አንድ ሰው ቢኖር የንስሐ አባታቸውን ቄስ እንየውን ነው። ወንድሟ ወደ ሱቁ እንደተመለሰ ኩታበር ሄዳ ቄሱን ይዛ መጣች። በር ላይ አቁማቸው «በሹክሹክታ» የለመነችውን፣ ፈረቃ ላይ ከነበረችው ከከይሪያ በቀር፣ ሁላችንም ሰማነው።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ። ከግዝት በቀር የሚመልሰው የለም።»

«ልጄ፣ ግዝት ቀልድ አይደለም። በአፌ ካሰርኩት ከነነፍሱ ነው የሚታሰር።»

«ይሙትብኝ ታዲያ? ይሄው በረሀብ ሊሞት ነው!»

ቄስ እንየው ጥቂት አመነቱና ገቡ። ጋሽ ዳምጤ እንደ ምንም በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ቄሱ መስቀሉን የሽማግሌው ራስ ላይ አድርገው «ልጆችህ ሊያድኑህ እየለፉ ነው። ሐኪም የሚልህን እሺ በል። ሕክምናውን እምቢ ብለህ ብታቋርጥ በሥልጣነ እግዚአብሔር ገዝቼሃለሁ» አሉ። ሽማግሌው አቀርቅረው መስቀሉን ተሳለሙ።

«እሺ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋሽ ዳምጤ አፍ «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል አልወጣም። አዲስ አበባ ተነሱ ሲባሉ እሺ። ለመርፌ ክንድዎን ይዘርጉ ሲባሉ እሺ። ጉሮሯቸው በመሣሪያ ሊሰፋ ነው ሲባሉ እሺ። አይተው የሚያደንቁ ሰዎች ነበሩ። ነርሶቹ «እንደ እርስዎ ያለ በሽተኛ ቢሰጠን» ይሏቸው እንደነበር ወንድምአገኘሁ ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። ስለ ግዝቱ የነገረው ስለሌለ «እግሩ ላይ ወድቄ ስለለመንኩት ነው፤ የአባቴን ወኔ አታውቁትም» ይል ነበር። ገበያነሽ አላረመችውም። እንዲያውም እሷም ፋብሪካ ውስጥ «አባዬ መኖር ይፈልጋል» እያለች ለሥራ ጓደኞቿ ስትናገር ከይሪያ በጆሮዋ ሰምታለች። ቄስ እንየውም ከኩታበር ለቀው ቢስቲማ አጠገብ ወዳለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተዛወሩ። ግዝቱን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

አዲሱ ሚሌኒየም ገባ። ኮምቦልቻ ባንዲራና መብራት ለበሰች፤ ጋሽ ዳምጤ ደግሞ በአፍንጫቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገባላቸው። ገበያነሽ ከሥራ መልስ አጥሚትና ወተት እያቀጠነች በትልቅ ሲሪንጅ በቱቦው ትሰድድላቸዋለች። ጋደም ካሉ ስለሚያንቃቸው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያድሩት፤ እሷም ጀርባቸውን ደግፋ ቁጭ እንዳለች ታነጋና ፈረቃዋ ሲደርስ ትሄዳለች። ቱቦውን የያዘው ፕላስተር አፍንጫቸውን ልጦት ነበር። በልብሳቸው ውስጥ የነበረው ሰው እየቀነሰ ልብሱ ብቻ የቀረ ይመስል ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ «እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ። «እሺ» ይሉኛል።

ኅዳር ላይ ደሴ ወስደዋቸው ዶክተር ከሊድ የሚባሉ ሐኪም አዩአቸው። ዶክተሩ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው የማይሸነግሉ ሰው ነበሩ። ልጆቹን ወደ ጎን ወሰዷቸው።

«እንግዲህ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ አዲስ አበባ መልሶ ሆዳቸውን ከፍቶ በዚያ የምግብ ቱቦ ማስገባትና መድኃኒቱን መቀጠል ነው። ሌላው ሕመሙን ብቻ እያስታገሱ ቤታቸው ማሳረፍ ነው።»

«የመጀመሪያው ያድነዋል?» አለ ወንድምአገኘሁ።

«አያድናቸውም። ትንሽ ያቆያቸው ይሆናል። ከቀዶ ሕክምናው ላይነሱም ይችላሉ።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው ዶክተር?»

«ይህን ያህል ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተመለሱና ዝቅ ብለው «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? አዲስ አበባ ይመለሳሉ?» ብለው ጠየቁ።

«እሺ።»

«ደክሞዎት ከሆነ፣ በቃኝ ቢሉ የሚቀየምዎት የለም።»

«ሐኪም ያለውን እሺ ነው።»

ዶክተር ከሊድ ቀና ብለው ልጆቹን አዩ። «ፈቃዳቸው ይህ ከሆነ እኔም አልከለክልም» አሉ።

«አላልኩሽም እታለም?» አለ ወንድምአገኘሁ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «መኖር ይፈልጋል!» ወዲያው ሰኞ የሚወስዳቸው መኪና አነጋገረ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ገበያነሽ ቤት እንደገባች መጥረጊያ አነሳች። ከይሪያ መጥታ ስታያት የጠረገችውን ወለል መልሳ ትጠርጋለች።

«ምን አለ ዶክተሩ?»

«መኖር ይፈልጋል ተባለ።»

«ማሻአላህ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አይፈልግም ከይሪያ። አስገዝቼዋለሁኮ።»

«አስገዝቼዋለሁ ነው ያልሽኝ? አንቺ ደግሞ መቼ ክህነት ተቀበልሽ?»

«ቄስ እንየው ናቸው የገዘቱት፤ የለመንኩት እኔ ነኝ። እሺ የሚለው ለሐኪሙ አይደለም። እምቢ ካለ ነፍሱ የምትኮነን ስለመሰለው ነው።»

ከይሪያ ሳቋ ጠፋ። «ያ ረቢ! ያን ሁሉ ጊዜ?»

«ያን ሁሉ ጊዜ።»

«እና የሚፈታው የለም?»

«የገዘቱት ራሳቸው ናቸው የሚፈቱት። ቢስቲማ ናቸው አሉ።»

«ቢስቲማማ ያባቴ አገር አይደል! አብሽሪ። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ሽማግሌውን ለእኔ አደራ ብለው ሄዱ። ደሴ ወጡ፤ ሐይቅ ወረዱ፤ ከሐይቅ በጭነት መኪና ቢስቲማ ገቡ። ከይሪያ እንደነገረችኝ የአጎቷ ልጅ እንድሪስ ገበያ ላይ አግኝቷቸው «ምን እግር ጣለሽ?» ቢላት «ቄስ ፍለጋ» አለችው። «ምነው ኮምቦልቻ ሼህ አለቀ?» ብሎ ሳቀባቸው፤ ግን ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ መርቶ አደረሳቸው።

ቄስ እንየው እጀታቸውን ሰብስበው የቤተ ክርስቲያኗን አጥር ሲጠግኑ ነበር። ገበያነሽ መስቀል ተሳልማ ነገሯን ስትጀምር አላስታወሱም።

«ዳምጤን? እኔ?»

«እርስዎ አባ። ሕክምናውን እንዳያቋርጥ።»

ቄሱ የያዙትን እንጨት መሬት ላይ አኖሩ። መዘንጋታቸውን ሲያውቁ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። «እና እስከ አሁን ይህን ተሸክሞ ነው ያለው? እኔ እኮ ድኖ ተነሥቷል ብዬ ነበር።»

«አልዳነም። የሚድንም አይደለም። ሰኞ ሆዱን ሊከፍቱት ይወስዱታል። ይፍቱልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ይፍቱልኝ ስትዪኝ ይሙትልኝ ማለትሽ ነው?»

«አላውቅም አባ» አለች። እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ስለተናገረች በአጥሩ ማዶ የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩአት። «ልታከም ካለም እሱ ይበል፤ በቃኝ ካለም እሱ ይበል። የእሱን ቃል እኔ ነኝ የነጠቅሁት።»

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው በእሱ ፊት ነው የምፈታው። ያኔ ከእሱ ደብቀን ያደረግነው ይበቃል።»

ቄስ እንየው ቃላቸውን ጠብቀው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው ኮምቦልቻ ደረሱ። ወንድምአገኘሁ የነገውን መንገድ ሊያሰናዳ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ገበያነሽ ግቢ ውስጥ አቁማው ሁሉንም ነገረችው። ጆሮዬን ልድፈን ብልም የሚቻል አልነበረም።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ በየሱቁ ወኔው፣ የአባቴ ወኔ እያልኩ ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«አየሁህ። ምን ልበልህ።»

«አሁንስ? ፈትተውት እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ይላል።»

«ከዚያ ሰው ምን ይለኛል? ወንድ ልጅ ወልዶ፣ ልጁ ቤት አስተኝቶ ገደለው ነው የሚሉኝ! ደሴ ውስጥ ፊቴን የት አደርገዋለሁ?»

«እኅቴ ናት በላቸዋ።»

«አንቺን ማን ይቆጥርሻል? ስም የሚጠፋው የእኔ ነው!»

ቄስ እንየው ከቤቱ በር ብቅ አሉ። «ልጆቼ፣ በሽተኛው ጆሮውን አይደለም ያመመው» አሉ።

ሁለቱም አፍረው ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔና ከይሪያ ደጁ ላይ ቆመን እናያለን። ጋሽ ዳምጤ በትራስ ተደግፈው ቄሱን ሲያዩ እንደ ድሮው ሊነሱ ሞክረው አቃታቸው። ቄሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዳምጤ፣ ገዝቼህ ረሳሁህ። ይህ የእኔ ዕዳ ነው፤ እኔ ለጌታ እመልሳለሁ።» ከዚያ መስቀሉን የሽማግሌው ራስ ላይ አኑረው «እግዚአብሔር ይፍታህ። ከእንግዲህ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የአንተ ነው። በነፍስህ ምንም የለብህም» አሉ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከቄሱ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ጣሪያው አዞሩ። ወንድምአገኘሁ መጠበቁን አልቻለም።

«አባዬ፣ ነገ መኪና ይመጣል። አብረን እንሂድ? አይተዉኝ እባክዎ።»

«እምቢ።»

ድምፃቸው ከቱቦው ጋር እየታገለ ነው የወጣው፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። «አልሄድም ልጄ። ሆዴን ማንም አይከፍተውም። ይህችንም ከአፍንጫዬ አውጡልኝ።»

«ምግቡስ አባዬ?»

«ምን ምግብ አለ? ሲያልፍ እሰማዋለሁ እንጂ ቀምሼው አላውቅም።»

«ለሕመሙ የሚሰጠውስ መድኃኒት?»

«እሱን ስጡኝ። ሕመምን ማን ይወዳል።»

ወንድምአገኘሁ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ፊቱን አልጋ ልብሱ ውስጥ ቀበረ። ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን ፀጉሩ ላይ አደረጉ። ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ጠሩ።

«ገበያ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያስገዘትሽኝ አንቺ መሆንሽን ያን ዕለት ነው ያወቅሁ። ድምፅሽ መቼ ከበር ወዲያ ይቀራል።»

ገበያነሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር በሉኝ አባዬ። ይቅር ብዬሻለሁ በሉኝ።»

ሽማግሌው አዩአት።

«አሁን አልችልም» አሉ። «ደክሞኛል። እስቲ ልሞክር።»

ሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያ ነርስ ተጠርታ ቱቦውን አወጣችላቸው። ወንድምአገኘሁ የመጣውን መኪና መልሶ ላከው፤ ሱቁንም ዘግቶ እዚያው ሰነበተ። ረፋድ ላይ አባቱን አቅፎ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ቄስ እንየው ጸሎት አድርሰው፣ ዘይት ቀብተው ቀንዲል አድርገውላቸው ወደ ቢስቲማ ተመለሱ። ገበያነሽ ከፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ ጥጥ በውኃ እየነከረች ከንፈራቸውን ታረጥባለች፤ የሕመም መድኃኒታቸውን ሰዓቱን እየጠበቀች ታቀርባለች። ዓይናቸውን በከፈቱ ቁጥር ዝቅ ትላለች። እሳቸው አዙሪኝ ይላሉ፤ ጥላ አድርጊልኝ ይላሉ፤ ኩታበር ባቄላው ተሰበሰበ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እሷ የምትጠብቀውን ቃል ግን አልተናገሩም። ከይሪያ አንዴ «ልቡ ብሎሻል፤ ከአፉ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብትላት፣ «ልቡን መቼ ጠየቅሁት? ከአፉ ነው የወሰድኩት» አለቻት።

ጋሽ ዳምጤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ጠዋት፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ሞቱ። ቃሉን ሳይሏት ነው የሞቱት። ሞክረው አቅቷቸው እንደሆነ ወይም ከነአካቴው ረስተውት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ኩታበር ተቀበሩ፤ ለቅሶው ግን ከቀብር መልስ ኮምቦልቻ ተቀመጠ።

ድንኳኑ ውስጥ ገበያነሽ ማልቀሷን አቁማ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች። ተቀመጪ ቢሏት አትቀመጥም፤ ጋደም በይ ቢሏት አትሰማም። በሦስተኛው ቀን ከደሴ የመጡ የወንድምአገኘሁ ወዳጆች ገቡ። ከመካከላቸው አንድ ጠና ያሉ ሰው እግዜር ያጥናችሁ ካሉ በኋላ ሰው ሁሉ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ሕክምናውስ? አዲስ አበባ ትወስደዋለህ ሲባል ሰምቼ ነበር። ቀረ እንዴ?»

ገበያነሽ ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች። ወንድምአገኘሁ እሷን አያት። የወንድ ልጁ ስም የሚጠፋበት ሰዓት ይሄው ደርሶ ነበር።

«ቀርቷል» አለ። «በቃኝ አለን። ቶሎ አልሰማነውም እንጂ ቀድሞም ብሎን ነበር።»

ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጀርባ ያሉ ሁለት ሰዎች ተያዩ፤ አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር አለው። ወንድምአገኘሁ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከይሪያ ብርጭቆውን ከገበያነሽ እጅ ተቀብላ ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ነጠላዋን አወለቀችላት፤ መደቡ ላይ ጋደም አደረገቻት። ገበያነሽ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀስ እያለች በጎኗ ወረደች። እግሯን ወደ መሬት እንዳንጠለጠለች ዓይኗ ተከደነ። አንዲት ሴት መጥታ «ከኩታበር ዘመድ መጥቷል፣ ተጠርታለች» ስትል ከይሪያ በሩ ላይ ቆማ ሳታስገባ መለሰቻት። ድንኳኑ ውስጥ አዲስ ለቅሶ ተነሣ፤ ገበያነሽ አልሰማችውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።